የባሕር ማዶ ላም

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከመስኮች ሁሉ ከፍ ያለ አንድ መስክ ነበር። በስተደቡብ በረዶ የለበሱ ተራሮች ያጥሩታል፤ በውስጡ ናምጾ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ አለ፤ የሐይቁ ከፍታ ብቻ ከባሕር ወለል 4,718 ሜትር ነው። ከቆላ የወጣ እንስሳ እዚያ ሲደርስ ጥቂት ተራምዶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። የመስኩ ባለቤቶች ያኮች ነበሩ፤ ጸጉራቸው ከሆዳቸው ወርዶ ሣር የሚነካ፣ ሳንባቸው ሰፊ፣ ብርድ የማይበግራቸው። ወንዱ ያክ ይባላል፤ ሴቷ ድሪ። ከድሪ ወተት ቅቤ ይወጣል፤ ከያክ ጸጉር ጥቁር ድንኳን ይሠራል፤ ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ከፍታ ክረምት የሚታለፈው በኩበታቸው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከምሥራቅ፣ ከታላላቅ ወንዞች ሜዳ፣ የእርሻ በሬዎች መጡ። ብዙ ናቸው፤ ሥራ አይፈሩም፤ በጫንቃቸው ላይ ግን ቀንበር አለ፤ ቀንበሩን ማን እንደጫነባቸው ጮክ ብሎ የሚናገር በሬ አልነበረም። «ልንረዳችሁ መጣን» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ይህ መስክ ከጥንትም የእርሻችን አንድ ማሳ ነው» አሉ። አሥራ ሰባት አንቀጽ ያለበት ወረቀት ዘርግተው «ኮቴያችሁን እዚህ ላይ አኑሩ» አሉ። ያኮቹ አኖሩ፤ ምርጫ አልነበራቸውም። ወረቀቱ ላይ የመንጋው ልማድ አይነካም፣ መሪውም በቦታው ይቆያል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጥቂት ክረምቶች አልፈው ልማዱም መሪውም ተነኩ። በአንድ የመጋቢት ሌሊት መሪው በበረዶው በር በኩል ወደ ደቡብ ወጣ። የቻለ ሁሉ ተከተለው።

ካርሞ የምትባል ድሪ ሁለት ጥጆች ነበሯት። አንዷ ገና ጡት አልጣለችም፤ ሌላው ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን የኋላ እግሩ ያነክሳል። የበረዶውን በር በሦስት እግር መውጣት አይቻልም። ካርሞ አንካሳውን ለእህቷ ለሰርሞ ትታ፣ የምትጠባውን በግንባሯ እየገፋች ተራራውን ወጣች።

እዚህ ላይ ተረቱን አንድ ጊዜ ላቁመው። አንባቢ ስለማን እንደማወራ ገብቶታል። የቲቤት መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከላሳ ወጥተው በወሩ መጨረሻ ሕንድ ገቡ፤ ወደ 80,000 የሚሆኑ ቲቤታውያን ተከተሏቸው። ይህን ታሪክ በሰዎች ስም ማውራት ይቻል ነበር። ነገር ግን ባዕድ አገር አድገው የወላጆቻቸውን አገር አይተው የተመለሱ ቲቤታውያን ስለ ጉዟቸው ሲናገሩ የመንደሩን ስም ይዘላሉ፤ የአክስታቸውን ስም አይጠሩም። እነሱ ለተናገሩት እዚያ የቀረው ዘመድ ይጠየቅበታል። ስም መጥራት ሰው የሚያስጠይቅ ከሆነ ጊደርና ዝይ ቢናገሩልን ይሻላል ብዬ ነው ተረት የመረጥኩት።

ከተራራው ማዶ ያለው አገር የዝሆኖች ነው። ዝሆኖቹ በራቸውን አልዘጉም። «ግቡ» አሉ፤ ጫካ መንጥረው የሚሰፍሩበት መሬት ሰጧቸው። ይህን ውለታ ያኮች እስከ ዛሬ ያነሣሉ። ያን ሁሉ ጸጉር የለበሰ ፍጥረት ቆላ ሲወርድ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው በጋ ብዙዎች ወደቁ። የተረፉት በገደል ጥግ መንገድ ለመሥራት ድንጋይ ተሸከሙ፤ ጥጆቻቸው በመንገዱ ዳር አቧራ ላይ ተኝተው ይጠብቋቸው ነበር።

ይህም ተረት አይደለም። በሕንድ፣ በአሳም በሚሳማሪ፣ በምዕራብ ቤንጋል በቡክሳ ካምፖች ብዙ ስደተኞች በሙቀትና በሳንባ ነቀርሳ ሞተዋል። በሜይ 1960 ከመንገድ ሥራ ካምፖች 51 ሕፃናት ታመውና ተርበው ሰሜን ሕንድ ዳራምሳላ ደረሱ፤ የዳላይ ላማ ታላቅ እህት ጸሪንግ ዶልማ ተቀበሏቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ያሳደገው የቲቤት ሕፃናት መንደር በእነዚያ ልጆች ተጀመረ። በደቡብ ሕንድ በባይላኩፔ ደግሞ ስደተኞቹ ጫካ መንጥረው በቆሎ ዘሩ። ገብስ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በቅቤ ሻይ አሽቶ የሚበላ ሕዝብ ነበር፤ የእኛን በሶ የሚመስለውን ጻምፓ። በቆሎ መዝራትን የተማረው በስደት ነው።

የካርሞ ጥጃ በቆላው አደገች፤ እሷም ወለደች፤ ልጇ ናግሞ ተባለች። ናግሞ ጥቁር፣ ፈጣን፣ ጥያቄ የምታበዛ ጊደር ነበረች። ጥጆቹ ሁሉ በየማለዳው ተሰልፈው የመስኩን ዘፈን ይማሩ ነበር፦ ከበረዶው በር ውረዱ፣ ወንዙን በግራ ተዉት፣ ሦስት ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ከሦስተኛው ሥር ምንጭ አለ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት የእኛ ነው። ናግሞ በሕይወቷ በረዶ አይታ አታውቅም፤ የሦስተኛውን ድንጋይ ስንጥቅ ግን በየትኛው ጎን እንደሆነ ታውቃለች። አንዳንዱ ወይፈን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ከሰልፉ ይወጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል። እኔ አልቆጣውም። ያላየኸውን መስክ ናፍቅ መባል ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ ሸክሙን የጫኑበት ሽማግሌዎች ግን መስኩ እንዳይጠፋ ፈርተው ነው።

በዝሆኖቹ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። ያኮች እየተሰለፉ የእንግድነት ወረቀታቸውን ያሳድሳሉ። ናግሞ አንድ ጊዜ «እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለች። ጸሐፊው ዝሆን ክፉ አልነበረም። «አዎ ልጄ፣ እንግዳ ሆነሽ ተወለድሽ» አላትና ማኅተሙን መታ።

ብርድ ሲበረታ ዝይዎች ይመጣሉ። ነጩ ጭንቅላታቸው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አላቸው። በከፍተኛው አገር ሐይቆች ዳር ይፈለፈላሉ፤ ክረምቱን በዝሆኖቹ ኩሬዎች ያሳልፋሉ፤ ሲሞቅ ከ7,000 ሜትር በላይ እየበረሩ የዓለምን ትላልቅ ተራሮች አቋርጠው ይመለሳሉ። ዝይን ማንም ወረቀት አይጠይቃትም። ናግሞ ኩሬ ዳር ወርዳ ትጠይቃቸዋለች።

«ምንጩ አለ?»

«እኛ የምናርፈው ሐይቅ ላይ ነው» ይሏታል። «ምንጭ ከላይ አይታይም።»

«ሦስቱ ድንጋዮችስ?»

«መንገድ አየን። ብዙ መንገድ።»

አንድ መኸር አንዲት ዝይ በእግሯ ጣቶች መካከል የናምጾ ጭቃ ደርቆባት መጣች። አሮጊቷ ካርሞ ይህን ስትሰማ ተጎትታ ወደ ኩሬው ወረደች። ጭቃው ከዝይዋ እግር ተፈርፍሮ ወደቀ፤ ጥፍር የማያህል ነገር ነው። ካርሞ ኮቴዋን በላዩ አሳረፈች። ማንም አጠገቧ አልተጠጋም። ፀሐይ እስኪገባ ድረስ እግሯን አላነሣችም።

ሠዓሊው ቴንዚንግ ሪግዶል ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ፈጠራ አይቆጥረውም። አባቱ የአገራቸውን መሬት ዳግም ሳይረግጡ በስደት ሞቱ። እሱም በ2011 ከቲቤት 20,000 ኪሎ አፈር በኔፓል በኩል ድንበር አሻግሮ ዳራምሳላ አደረሰ፤ በቲቤት ሕፃናት መንደር ሜዳ ላይ መድረክ አሠርቶ አፈሩን አነጠፈው። ሕዝቡ ጫማውን እያወለቀ ወጣበት። አዛውንቶች ተንበርክከው ሳሙት፤ ሕንድ የተወለዱ ልጆች ዝም ብለው ቆሙበት። በመጨረሻም ሰዉ አፈሩን እየዘገነ ወደየቤቱ ወሰደው። ያን ሁሉ አፈር በድብቅ ማሻገር ያስፈለገው ሰዎቹ ራሳቸው ሊሻገሩ ስላልቻሉ ነው።

ከናግሞ በፊት አንድ ወይፈን ማንንም ሳይጠይቅ ተራራውን ተሻግሮ ነበር። በሬዎቹ ያዙት፤ ሦስት ወር ጨለማ በረት ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ «ከኛ አይደለህም» ብለው ወደ ቆላ ገፈተሩት። በቆላው ሲጠየቅ «ከእነሱም ከእናንተም አይደለሁም መሰለኝ» አለ። ይህም በእውን ሆኗል፤ ገጣሚው ቴንዚን ጹንዱዌ በ1997 ከሕንድ ላዳክ በእግሩ ድንበር አልፎ ቲቤት ገብቶ ተይዟል፤ ሦስት ወር ታስሮ ተባሯል። ተወልዶ ያደገው ሕንድ ነው።

ናግሞ ግን በበሩ መግባት ፈለገች። በዝሆኖቹ ከተማ የበሬዎቹ ደጅ አለ፤ እዚያ ሄዳ ቆመች። መዝጋቢው በሬ ቀና ብሎ አያት።

«ማን ነሽ?»

«ከሦስቱ ድንጋዮች በላይ ካለው ተዳፋት የወረደች የካርሞ ልጅ ልጅ ነኝ። ድሪ ነኝ።»

«እንዲህ ያለ ፍጥረት በመዝገባችን የለም። ‹በባሕር ማዶ የምኖር ላም ነኝ› ብለሽ ኮቴሽን አኑሪ። ከዚያ እናያለን።»

«እኛ እኮ ባሕር አልተሻገርንም፤ የተሻገርነው ተራራ ነው።»

መዝጋቢው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ቅጹ የሚለው ይህንን ነው።»

ናግሞ ሳታኖር ተመለሰች። ያን ዕለት ማታ መንጋው ተሰበሰበ። ያ የተባረረው ወይፈን ተነሥቶ «ኮቴሽን ካኖርሽ ስንወለድ የያዝነውን ስም ሸጥሽው ማለት ነው፤ ነገ ወረቀቱን አውጥተው ‹ይኸው ራሳቸው ላሞች ነን ብለዋል› ይላሉ» አለ። እውነቱን ነው። ሌላዋ ድሪ ተነሥታ «ሰርሞ ጥርሷ አልቆ ይሆናል፤ ስንት ክረምት ይቀራታል? ስም ይመለሳል፤ ሰርሞ ከሞተች አትመለስም» አለች። እሷም እውነቷን ነው። ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀጠለ፤ ዘመዳሞች ተኮራረፉ። በዚህ ነገር የፈረመውንም ያልፈረመውንም ለመውቀስ አፌን አልከፍትም፤ ወቀሳው ጥያቄውን ለጻፈው ይሁን።

ሊነጋጋ ሲል ካርሞ ተናገረች። ተራራውን ስለወጣችበት ሌሊት አንድም ቀን አውርታ አታውቅም ነበር።

«እኔ ሁለት ጥጆች ነበሩኝ» አለች። «አንዱን ትቼ መጣሁ። ወንድ ልጄን። የናግሞ አጎት ነው። እኔ ልጅ ትቼ ተራራ ከወጣሁ እሷ ቃል ጽፋ ተራራ ብትወጣ ምን ይደንቃል? ኮቴሽን አኑሪ ልጄ። ቃሉን እኔ እሸከምልሻለሁ። ብቻ በሕይወት ካለ እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ናግሞ ኮቴዋን አኖረች። መልሱ ቆየ። ዝይዎች ሄደው መጡ፤ እንደገና ሄዱ። በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ፦ ለአጭር ጊዜ፣ በተመደበላት መንገድ፣ በየማታው ለመዝጋቢ እየታየች።

የበረዶው በር ላይ ስትደርስ በቆላ ተወልዳ ያደገች ጊደር ትወድቃለች ብለው ፈርተው ነበር። አልወደቀችም። አየሩ ሲቀጥን ትንፋሿ ሰፋ። በቆላው ሁልጊዜ ይከብዳት የነበረ ነገር ከደረቷ ላይ ተነሣ። በሰዎቹም እንዲሁ ነው፤ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት ቲቤታውያን ኢፓስ 1 በሚባለው ጂን ላይ ከፍታን የሚያስችል ለውጥ ከወላጆቻቸው እንደሚወርሱ አሳይተዋል፤ ባዕድ አገር የተወለደ ልጅም ይወርሰዋል፤ መዝገብ አያስፈልገውም። በበሩ ላይ ነፋስ የጸሎት ባንዲራዎቹን ይመታል። እዚያ ሲደረስ «ላ ግያሎ!» ብሎ መጮኽ የመንጋው ወግ ነው፤ አማልክት ድል ያድርጉ ማለት ነው። ናግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ቦታ ለመጮኽ ስትዘጋጅ ኖራለች። ዘበኛው አጠገቧ ቆሟል። በሹክሹክታ አለችው።

ከዚያ ዘፈኑን እየዘፈነች ወረደች። ወንዙን በግራ ተዉት ይላል፤ ወንዙ ተገድቦ ቆሟል። ሦስት ድንጋዮች ይላል፤ ሁለቱ ለመንገድ ተፈልጠዋል፤ የቀረው የትኛው እንደሆነ የምታውቀው በስንጥቁ ነው። ሦስተኛው ነው። ከሥሩ ምንጭ አለ ይላል፤ በሽቦ ታጥሯል። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ባዶ ነው። ሣሩ እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ የሚግጠው የለም።

መንጋው የት ሄደ? ከመንገዱ ዳር፣ በመስመር በተሠሩ በረቶች ውስጥ። ሁሉም በረት አንድ ዓይነት ነው፤ በጣሪያው ላይ አንድ ዓይነት ባንዲራ ተሰቅሏል። «መስኩ እንዲያርፍ ነው፤ ለእናንተም ምቾት ነው» ተብለው ከተዳፋቱ እንዲወርዱ ተደርገዋል። ውኃ አላቸው፤ መብራት አላቸው፤ ሣር ግን በግዢ ነው። ይህም ተረት ብቻ አይደለም፤ የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2013 ባወጣው ዘገባ ከ2006 እስከ 2012 በነበሩት ዓመታት በቲቤት ራስ ገዝ ክልል ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መኖሪያቸው በመንግሥት ፕሮግራም እንደተቀየረ ጽፏል፤ ከብቱን ሸጦ ከግጦሹ የተነሣው ዘላንም በየአካባቢው ብዙ ነው።

ሰርሞን ያገኘቻት በመስመሩ መጨረሻ ነው። አርጅታለች፤ ጥርሷ አልቋል። አጠገቧ አንድ ያረጀ ያክ በሦስት እግሩ ተደግፎ ቆሟል።

«አያቴ፣ ከካርሞ ዘንድ ነው የመጣሁት» አለች ናግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሰርሞ ጆሮዋን አዘነበለች። ናግሞ ስትናገር በየመካከሉ የዝሆኖች ቃል ይገባል፤ ሳታውቀው። ሰርሞ ስትመልስ በየመካከሉ የበሬዎች ቃል ይገባል፤ እሷም ሳታውቀው። ሁለቱም የራሳቸው ንጹሕ፣ የሌላዋ የተበረዘ መሰላቸው። ጥቂት ጊዜ ተደናገሩ። ከዚያ ሰርሞ አፍንጫዋን ወደ ናግሞ አንገት አስጠግታ አሸተተቻትና «የእህቴ ናት» አለች።

አጎቷ ግን አልተጠጋም። ቆይቶ ጠየቃት።

«እሷን ገፍታ ወሰደቻት፤ እኔን ለምን ተወችኝ?»

«እግርህ ነው አጎቴ። በሩን አትወጣውም ብላ…»

«አውቃለሁ። ሰርሞ ሁልጊዜ እንዲህ ትለኛለች። ከእሷ መስማት ነበር የፈለግሁት። ዘንድሮ እንዴት ነው እግሩ ብላ ጠይቃለች?»

«ጠይቃለች።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያ እሱን አትነግሪኝም?» አለና ተጠጋት።

በዚያ ሌሊት ሰርሞ ዘፈኑን ዘፍኚልኝ አለቻት። ናግሞ ከበረዶው በር ጀምራ እስከ ተዳፋቱ ዘፈነች። ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ ቃል አልሳተችም። ሰርሞ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ያማረ ነው» አለች። «ወንዙ አለበት። ድንጋዮቹ አሉበት። ምንጩ አለበት። እኛ የለንበትም። ይኸው ስንት ክረምት ድንጋዩን ትናፍቃላችሁ፤ ድንጋዩ አጠገብ ማን ቆሞ እንደቀረ አልዘፈናችሁም። ሽቦውን ሲያጥሩ እዚህ ነበርን። ጥጆቻችን የበሬ ቋንቋ ብቻ ወደሚነገርበት አዳሪ በረት ሲወሰዱ እዚህ ነበርን። ማታ ማታ በራችንን ዘግተን የራሳችንን ያስተማርናቸው እኛ ነን። መስኩ ያለው እዚህ ነው፤ እኛ ውስጥ።»

ናግሞ መልስ አልነበራትም። እኔም ይህን ሳስብ የሚቆረቁረኝ እዚህ ጋ ነው። ስደት ላይ ያለ ሕዝብ አገሩን በወጣበት ዓመት መልክ ይይዘዋል፤ ያ መልክ ለልጅ ይተላለፋል፤ ልጅ አድጎ ሲመለስ የሚፈልገው ያን መልክ ነው። ሲያጣው «አገሬ ጠፍቷል» ይላል፤ ፊቱ የቆሙት ዘመዶቹ ግን አገሩ ናቸው። በ1979 ከዳራምሳላ የመጀመሪያው ልዑክ ቲቤትን እንዲጎበኝ ተፈቅዶለት ነበር፤ የዳላይ ላማ ወንድም ሎብሳንግ ሳምተን ከልዑካኑ አንዱ ነበሩ። ሕዝቡ በየደረሱበት ጎረፈ፤ ልብሳቸውን ለመንካት እየተጋፋ አለቀሰ። ያ ሕዝብ በእነዚያ ሃያ ዓመታት ገዳማቱ ፈርሰውበት፣ ተርቦ፣ ታስሮ፣ የሚያምነውን በልቡ ይዞ የቆየ ነው።

ጎረቤት ያለው በረት ውስጥ አንድ ሽማግሌ በሬ ይኖር ነበር። ከታላቁ ወንዝ ዳር የመጣ ነው፤ የተወለደበት ሸለቆ በግድብ ውኃ ተውጧል። በጨለማ ድርቆሽ በአፉ ይዞ መጣና በሰርሞ ደጅ አስቀመጠ። «ነገ ማለዳ መዝጋቢው ይመጣል» አለ። «የማን ዘመድ እንደሆነች ከሰማ እሷ ትሄዳለች፤ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ሳይነጋ ትነሣ።» ናግሞ በሬ እንዲህ ይናገራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። በቆላው ዘፈን ውስጥ በሬ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ሳይነጋ ተነሣች። ሰርሞ ደጅ አልወጣችም፤ መውጣት አልነበረባትም። አጎቷ ብቻ እስከ ሽቦው ድረስ እያነከሰ ሸኛት። «እግሩ ክረምት ክረምት ያመዋል፤ በጋ ደህና ነው በያት» አላት።

ናግሞ ወደ ቆላ በተመለሰች ጊዜ መንጋው እንደ ሠርግ ነው የተቀበላት። ዝፈኚ አሏት። ዘፈነች፦ ከበረዶው በር ውረዱ፣ ወንዙ ቆሟል፣ አንድ ድንጋይ ቀርቷል፣ ምንጩን ሽቦ አጥሮታል፣ ከመንገዱ ዳር በመጨረሻው በረት ጥርሷ ያለቀ አንዲት ድሪ አለች፣ አጠገቧ አንድ አንካሳ አለ፣ እነሱ የእኛ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ይህ የበሬዎቹ ዘፈን ነው» አለ አንዱ። «ሽቦና ግድብ ለጥጃ ይዘፈናል? ኮቴዋን ስታኖር ልቧንም ወስደውባታል።» አንዳንዶች ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ስትመጣ ወሬ ያቋርጡ ነበር። ይህ ጥርጣሬ በሰዎቹም ዘንድ አለ። ከቲቤት አምልጠው ዳራምሳላ የሚደርሱትን ሳርጆርፓ፣ አዲስ መጦች፣ ይሏቸዋል፤ አነጋገራቸው ቻይንኛ ሸተተ ተብለው በክፉ ዓይን የታዩ አሉ። ሕንድ ያደጉት ደግሞ በአዲስ መጦቹ ዓይን ሕንዳዊ ሆነዋል። ይህ መጠራጠር ያሳዝነኛል። በ2008 በቲቤት ከተነሣው ተቃውሞ በፊት በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሰው በኔፓል በኩል ይወጣ ነበር፤ ዛሬ የሚወጣው በጣት የሚቆጠር ነው። መገናኛው እንዲህ በጠበበበት ጊዜ በመካከላቸው የሚመላለሰውን ሰው ሰላይ አድርጎ ማየት የራስን ዓይን መጋረድ ነው።

ካርሞ ከቁጣው መካከል ተነሣች። ስለ ዘፈኑ ምንም አላለችም።

«እግሩስ?» አለች።

«ክረምት ክረምት ያመዋል። በጋ ደህና ነው።»

«ለምን ተወችኝ አላለም?»

ናግሞ መዋሸት ትችል ነበር። «ብሏል» አለች።

ካርሞ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ጥጆቹ ሰልፍ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመችና «ነገ ማለዳ የሚዘፈነው አንካሳው ያለበት ነው» አለች። ተቃውሞ ነበር፤ አሁንም አለ። በአንዱ ሰፈር አሮጌው ይዘፈናል፤ በሌላው አዲሱ። ናግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ፈቃድ ጠይቃለች፤ መልስ አልመጣም። ጥጆቹ ግን ዝይዎች ሲመጡ ስለ ድንጋዩ መጠየቅ ትተዋል፤ «በመንገዱ ዳር ካሉት በረቶች ጭስ ይወጣል?» ነው የሚሉት። ጭስ ከላይ ይታያልና ዝይዎቹ ይመልሱላቸዋል።

ተረቱ ይኸው ነው። ከተረቱ ውጭ ያለው ደግሞ ይህ ነው፦ የስደተኛው ቲቤታዊ አስተዳደር በ2009 ባደረገው ቆጠራ ከቲቤት ውጭ ከ127,000 በላይ ቲቤታውያን ተቆጥረዋል፤ ብዙዎቹ አገራቸውን አይተው አያውቁም። ከእነሱ አንዱ ላሳ ያለች አያቱን ለማየት ሲፈልግ የቻይና ኤምባሲ ደጅ ሄዶ ራሱን ከባሕር ማዶ ቻይናውያን እንደ አንዱ እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል፤ ይህንንም አድርጎ መልስ ሳያገኝ የሚቀር ብዙ ነው። አያትን ለመጠየቅ የራስን ስም መካድ ሊያስፈልግ አይገባም። ይህን ጥያቄ ከቅጹ ላይ ለማውጣት ጦርነትም ድርድርም አያሻም፤ ቤጂንግ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ሊሠርዘው ይችላል። ይሠርዘው፤ አያቶቹም ሳይሞቱ ይሁን።